ጡሜ የማትጠራው ስም

ባለፈው ሰሞን ከሐዋሳ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት እግሯ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ጀሪካን ነበራት። መኪናው ጉድጓድ በነካ ቁጥር ክዳኑ ትንሽ ይተነፍሳል፤ የሚተነፍሰውም በእንጨት ጭስ ከታጠነ ዕቃ የተገለበጠ ወተት ሽታ ነው። ሌላው ተሳፋሪ መስኮት ይከፈት እያለ ሲያጉረመርም እኔ ሽታውን ወደ ውስጥ ሳብኩት። ጉልበቴ ያመኛል፣ ዓይኔ ደክሟል፣ አፍንጫዬ ግን አሁንም የጎረምሳ ነው። «ከየት ነሽ ልጄ?» አልኳት። «ከነጌሌ» አለች። ከዚያ በኋላ እስከ አዲስ አበባ አንድ ቃል አልተለዋወጥንም። እሷ ተኛች፤ እኔ ነጌሌ ገባሁ።

ያን ጊዜ ነጌሌ መግባት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ከሻሸመኔ ተነስቶ በኤንትሬ ፊያት የጭነት መኪና ላይ፣ በስኳር ጆንያና በላምባ ጣሳ መካከል ተጠቅጥቆ፣ ጭቃ ከሆነ መቼ እንደሚደረስ ሾፌሩም የማያውቀው መንገድ ነው። ወደራ ላይ ጫካው ያልቅና ቁልቁለቱ ይጀምራል፤ ሰው ሁሉ ሹራቡን ያወልቃል። እኔ የወደራ ልጅ ነኝ። አባቴ በገበያ ቀን በር ላይ ቆሞ ቀረጥ የሚቆርጥ ጸሐፊ ነበር። አማርኛን ቤት ውስጥ፣ ኦሮምኛን ደጅ ላይ ተማርኩ፤ የትኛው እንደቀደመኝ እናቴም አታስታውስም ነበር። ያን ዓመት ግን መኪናው ወደራ ሲደርስ አልወረድኩም። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመቴን ጨርሼ፣ እንደ ጊዜው ደንብ አንድ ዓመት ጠረፍ ላስተምር ነጌሌ ተመድቤ ነበር። ግራጫ ቴትሮን ሱሪ ለብሻለሁ፤ ኪሴ ውስጥ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ የተጻፉ ግጥሞች አሉ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ያየሁትን ሁሉ ቤት ለማስመታት የምጣደፍበት ዕድሜ ነበር። ዛሬ እነዚያን ግጥሞች ሳስባቸው፣ ከላያቸው ላይ የነበረው የመንገድ አቧራ ብቻ ነው እውነት መስሎ የሚታየኝ።

የምማረው የቋንቋ ሳይንስና የእንግሊዝኛ አስተማሪነት ነበር። ዘመድ «ምን ትማራለህ?» ሲለኝ «ቋንቋ» እላለሁ፤ «ገና አልቻልክም እንዴ?» ይሉኛል። የድምፅ ትምህርት ክፍል ውስጥ ለያንዳንዳችን የእጅ መስታወት ይሰጠን ነበር። ያ ሁሉ ጎረምሳ አፉን ከፍቶ ምላሱ የት እንዳረፈ በመስታወት ሲፈልግ፣ በበሩ የሚያልፉት የሕግ ተማሪዎች «እዚህ ነው ጥርስ የሚነቀለው?» እያሉ ይስቁብን ነበር። መምህራችን ቁምጣ በረጅም ካልሲ የሚለብሱ የውጭ አገር ሰው ነበሩ። ቋንቋ ልማድ ነው፤ ልማድ በመደጋገም ይመጣል፤ ተማሪው ሳያስብ እስኪመልስ ድረስ አስደግሙት ይሉናል። ክፍል ውስጥ የእናት ቋንቋ ማሰማት ክልክል ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ፣ ባሕር ማዶ ያሉ ሕዝቦች የአንዳንድ ዘመድን ስም በአፋቸው እንደማያነሱ አስተማሩን። በደንብ አጠናሁት፤ ፈተና ላይ መጥቶልኝም ጥሩ ውጤት አገኘሁበት። ወደራ ጎረቤታችን የነበረችው ሴት የአማቷን ስም ላለመጥራት ስንት ዙር ትዞር እንደነበር ግን ያኔ ትዝ አላለኝም። ባሕር ማዶ ያለው ነገር መጽሐፍ ውስጥ ስለሰፈረ ይታያል፤ ደጃፍ ላይ ያለውን ማን ያየዋል።

ነጌሌ ያኔ አንድ ሰፊ ቀይ መንገድና ከግራ ቀኙ የተደረደሩ የቆርቆሮ ቤቶች ነበረች። ማዕዘኑ ላይ የሐጂ አደም ሱቅ አለ፤ ተምር፣ ሽርጥ፣ የእጅ ባትሪ፣ ጨው፣ በየቀለሙ የተጠቀለለ ጨርቅ። በረንዳው ላይ አንድ ልብስ ሰፊ መኪናውን በእግሩ ሲረግጥ ይውላል። ሻይ አምስት ሳንቲም ነው፤ ወተት ካለበት አሥር። የሐጂ ሬዲዮ ነፋሱ ወደፈቀደለት ይዞራል፤ አንዴ ናይሮቢን፣ አንዴ ሞቃዲሾን፣ ሲቀናው አዲስ አበባን ይይዛል። የስዋሂሊ ዘፈን ሲመጣ ከልብስ ሰፊው እስከ ፖሊሱ ሁሉም ያንጎራጉራል፤ ምን እንደሚል የጠየቀ ግን አልነበረም። ተማሪው አዲስ አበባ ላይ ይጮሃል የሚለውም ወሬ በዚያው ሬዲዮ አይመጣም፤ ከሾፌሮች ጋር ዘግይቶና አቧራ ለብሶ ይደርሰን ነበር። እኔ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ሐጂ አደም አማርኛውንና ኦሮምኛውን በአንድ አፍ ያስኬዱታል። ጠዋት በራፌ ላይ ቆመው፣

«አካም ቡልቴ መምህር? እንቅልፉ ናጋ? ቢንቢዋ ናጋ?» ይሉኛል።

«ቢንቢዋ ሰላም ናት ሐጂ፤ ያልተኛሁት እኔ ነኝ።»

«እሷ ከጠገበች ደግ ነው። እንግዳ ናት።»

ጠዋት ልጆች አስተምራለሁ። ከአሥር ሰዓት በኋላ ደግሞ ለትልልቆች ክፍል ከፍቼ ነበር። የሚመጡት ፖሊሶች፣ ልብስ ሰፊው፣ የካርቶን ጽሑፍ ማንበብ አለብኝ የሚሉት ሐጂ አደም፣ ከሴት ደግሞ ጡሜ ብቻ ናት። ጡሜ ሜጋ ያደገች የመንገድ ሥራ ዘበኛ ልጅ ነበረች፤ ስድስተኛ ክፍል ጨርሳ ነጌሌ ላለው ለቦሩ ተዳረች። ቦሩ የጭነት መኪና ረዳት ነው፤ እሱ ሞያሌ ሲመላለስ እሷ ከአማቷ ዘንድ ትኖራለች። ጉፍታዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ኋላ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ካልጠየቋት አትናገርም፤ ስትናገር ግን እኔ ገና ያላስተማርኩትን ትናገር ነበር፤ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። አንድ ቀን ለምን እንግሊዝኛ እንደምትማር ስጠይቃት፣ «ዱብሉቅ የምትኖረው እህቴ ወልዳ ደሟ ሲፈስ፣ ማቆም የሚያውቅ ሰው አልነበረም» አለችኝ። ከዚያ በላይ አልጨመረችም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

እንደተማርኩት አስደግማቸዋለሁ። «ዋት ኢዝ ዩር ሀዝባንድስ ኔም?» እላታለሁ፤ ሙሉ ስም እፈልጋለሁ። «ማይ ሀዝባንድስ ኔም ኢዝ ቦሩ...» ትልና ፊቷን ወደ ግድግዳው ዞር ታደርጋለች። ያኔ ሐጂ አደም ከፊት ወንበር ላይ፣ አንገታቸውን እንኳ ሳያዞሩ፣ «ጂሎ» ይላሉ። «ቦሩ ጂሎ» ይላል ክፍሉ በአንድ ድምፅ፤ እኔም ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። ሐጂ ያልመጡ ቀን ፖሊሱ ይልላታል። ይሄ ልማድ ላጉ ይባላል፤ ምራት የአማቷን ስም በአፏ አታነሳም፤ የግድ ሲሆን አጠገቧ ያለ ሰው ይጠራላታል። ይሄ ማንንም አይገርምም፤ እኔንም አልገረመኝም። ወፍጮ ቤት አጠገብ የሚኖር ሰው የወፍጮውን ድምፅ እንደማይሰማው ነው። አማቷንም ሰው ሁሉ በልጃቸው አባ ቦሩ ነበር የሚላቸው፤ ጂሎ የሚለው ስማቸው የሚነሳው ፍርድ ቤትና እኔ ክፍል ውስጥ ብቻ ነበር።

አሁን ሳስበው፣ ያን ድግግሞሽ ስንት ዓመት አስተማርኩት። መምህሬ ያሉኝን ለተማሪዎቼ፣ ተማሪዎቼም አስተማሪ ሆነው ለተማሪዎቻቸው። በኋላ መደጋገም ክፉ ነው የሚል አዲስ ሊቅ ተነሳ፤ አውደ ጥናት ተጠራን፣ ምሳ በላን፣ መደጋገሙን ተውን። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ስም ወጥቶለት ተመለሰ፤ እንደገና ምሳ በላን። ጡረታ ስወጣ የቱ ላይ እንደነበርን አላስታውስም። የደከመኝ ሥራው ሳይሆን ይሄ መመላለሱ ነው መሰለኝ።

በበጋው ማለቂያ ላይ ከጤና ጽሕፈት ቤት ወሬ መጣ። ከነጌሌ አንድ ሰው ተመርጦ ይርጋለም ለድሬሰርነት ይሠለጥናል፤ ተመልሶም እዚሁ ያክማል። ሴት ብትገኝ ይመረጣል፤ የሚማሩበት መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ፈተናውም በእንግሊዝኛ የቃል ፈተና ነው። በማግስቱ ጡሜ ከሁሉም ቀድማ ክፍል መጣች።

«ቲቸር፣ እችላለሁ?»

«እንግሊዝኛውን ትችያለሽ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩዎት።»

ገባኝ። ቦሩን ከመሄዱ በፊት ጠይቃው፣ «አባቴ እሺ ካለ እኔ ምን አገባኝ» ብሏታል። ምራት ደግሞ አማቷ ፊት ቆማ ልሂድ አትልም። ስለዚህ አባ ቦሩን ሐጂ አደም ሱቅ በረንዳ ላይ ጠብቄ አገኘኋቸው። ድርቅ ከብታቸውን ፈጅቶባቸው ወደ ከተማው ዳር የመጡ ሰው ናቸው፤ በቀሯቸው ጥቂት ላሞችና በገበያው ድለላ ይኖራሉ። ነጭ ጥምጥም፣ ረጅም ዘንግ፣ ቀጭን እግር። ሰላምታው አለቀ፤ ሰውም ከብትም ሰማይም በየተራ ተጠየቁ፤ ሻይ መጣ።

«አባ ቦሩ፣ የጡሜን ነገር ምን አሰቡ?»

«ምኗን?»

«ትምህርቱን።»

ሻዩን ሁለት ጊዜ ፉት አሉ። «ከብት ለውሃ ይሄዳል፣ ጠጥቶ ይመለሳል። ለትምህርት ሄዶ የተመለሰ ግን አላየሁም። አንተ ወደራ ተወልደህ፣ ወደራ ነህ?»

«ነጌሌ ደርሶልሃል እኮ፣ ምን ቀረው» አሉ ሐጂ አደም።

«ሱሪው ግን ገና አዲስ አበባ ነው።»

ልብስ ሰፊው መኪናውን አቁሞ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ጆሮዬ ግን ጋለ። «እና እምቢ ነው?» አልኳቸው።

«እምቢ አላልኩም።»

«እሺ ነው?»

«እሺም አላልኩም። እናያለን።»

አባ ቦሩ ሲሄዱ ሐጂ አደም ክንዴን ያዙኝ። «ከዚህ በኋላ እንዳትገፋው፤ ብትገፋው እምቢን አንተ ራስህ ከአፉ አወጣህ ማለት ነው» አሉኝ። አልገፋሁም። ጡሜን ብቻ አስጠናሁ። ስለ ቁስል፣ ስለ ትኩሳት፣ ስለ ውሃ ማፍላት፣ ስለ ቤተሰቧ። ቤተሰቧ ጋ ስንደርስ፣ ሐጂ ከፊት ወንበር «ጂሎ» ይላሉ፤ እናልፋለን። ፈተናው ውስጥ ብቻዋን እንደምትገባ ከሁላችን አንዳችንም አላሰብነውም።

ፈታኙ በላንድሮቨር መጡ። ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ክራቫታቸውን በዚያ ሙቀት ያላወለቁ፣ በየከተማው ይሄንኑ ሲጠይቁ ከርመው ድምፃቸው የዛለ ሰው ነበሩ። የትምህርት ቤቱ ግቢ ሞልቶ ስለነበር ከደረጃው ላይ ቆመው ደንቡን ነገሩን። ያገባች ሴት ከተመረጠች በባሏ ሙሉ ስም ትመዘገባለች፤ ያም የባሏ ቤት ፈቅዷል ማለት ነው፤ ኋላ መጥቶ ሚስቴን መልሱ የሚል እንዳይኖር። ሐጂ አደም ይሄን ዝቅ ባለ ድምፅ ወደ ኦሮምኛ መለሱት። የመለሱት ለአባ ቦሩ ነበር። ሽማግሌው ማንም ሳይጠራቸው መጥተው ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ሥር ተቀምጠዋል፤ ሊከለክሉ ይምጡ ሊያዩ የሚያውቅ የለም፤ የጠየቀም የለም።

አስቀድመው ሁለት ጎረምሶች ገብተው ወጡ። ጡሜ ስትገባ በሩ ተዘጋ፤ መስኮቱ ግን ክፍት ስለነበር ሁሉም ይሰማል። ስለ ቁስል ጠየቋት፣ መለሰች። ስለ ትኩሳት ጠየቋት፣ መለሰች። ስለ ወሊድ ሲጠይቋት ድምፅዋ ትንሽ ቀነሰ፤ ግን ረጅም አድርጋ መለሰች፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ያላስተማርኩትን እንግሊዝኛ ሰማሁ። ፈታኙ «ጉድ፣ ቬሪ ጉድ» ማለት ጀመሩ። ከዚያ የወረቀት ድምፅ ተሰማ።

«ሀዝባንድስ ኔም?»

«ቦሩ።»

«ቦሩ ሁ?»

ዝም አለች።

«ቦሩ ማን?» አሉ በአማርኛ። «የአባቱ ስም፣ ለመመዝገብ ነው።»

ግራሩ ሥር የነበረው ወሬ ሁሉ ቆመ።

«የባልሽን አባት ስም አታውቂም?»

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ።»

«እና?»

«እኔ አልጠራውም።»

ከጎረምሶቹ አንዱ ሳቀ፤ ፖሊሱ ዞሮ ሲያየው ተወ። ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማና ጡሜ መስኮቱ ላይ ታየች። ጉፍታዋን አስተካክላ፣ ሁልጊዜ ክፍል ውስጥ እንደምታደርገው ዓይኗን ወደ ግድግዳው አድርጋ፣ «ሐጂ፣ ይበሉልኝ» አለች።

ሐጂ አደም አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ባለስሙ ከእሳቸው አንድ ክንድ ርቀት ላይ እንደተቀመጡ ትዝ አላቸው። ያን ቀን «ጂሎ» ማለት ስም መጥራት ብቻ አልነበረም፤ ሰውየው በሌሉበት ሳይሆን ፊታቸው ላይ በእሳቸው ፋንታ መፍቀድ ነበር። ሐጂ አፋቸውን መልሰው ዘጉ። ፖሊሱ ጫማውን አየ። እኔም ስሙን አውቃለሁ፤ አሁንም ድረስ ስሙ ምላሴ ጫፍ ላይ ቆሞ የነበረበት ቦታ ይታወቀኛል፤ ያን ቀን መስታወት ቢኖረኝ በትክክል ማሳየት እችል ነበር። አልወጣም።

ፈታኙ ከጎኗ ብቅ አሉ። «ምንድን ነው ይሄ? ፈተና ነው ገበያ?» አሉ። ቁጣ ሳይሆን ድካም ነበር የሚሰማባቸው። «ከሁለቱ ልጆች እሷ ትሻላለች፤ እንግሊዝኛዋን ጨርሻለሁ። የቀረኝ ይሄ ባዶ ቦታ ነው። ባዶውን ይዤ ብሄድ ግን አይቀበሉኝም። ከምሳ በፊት የሚሞላው ከሌለ የሚቀጥለውን እወስዳለሁ።»

ጡሜ ከመስኮቱ አልተንቀሳቀሰችም።

አባ ቦሩ ወደ ሐጂ ዘንበል ብለው በኦሮምኛ፣ «ምንድን ነው የሚፈልገው?» አሉ።

«ስምህን።»

«የኔን ስም?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን እሷን ይጠይቃል? እኔ እዚህ አይደለሁም እንዴ?»

ዘንጋቸውን ተደግፈው ተነሱ። ግቢውን በቀስታ አቋርጠው መስኮቱ ሥር ቆሙ፤ ጡሜ ወደ ውስጥ ገባች፣ ከመስኮቱ ጎን ወደ ግድግዳው ተጠጋች። ሽማግሌው ስማቸውን ቶሎ አልሰጡም። «ናጋ?» አሉ መጀመሪያ። ፈታኙ «ደኅና» አሉ። «ሰውህስ ናጋ?» ሐጂ አደም ከኋላ እየተከተሉ፣ አንተውን ወደ እርስዎ እየለወጡ ያስተረጉማሉ። «ሎን ናጋ?»

«ከብትዎ ሰላም ነው ወይ ይላሉ።»

«ከብት የለኝም።»

አባ ቦሩ ይሄን ሲሰሙ ፈታኙን አተኩረው አዩዋቸው። በእሳቸው አነጋገር ከብት የሌለው ሰው ማለት ብዙ ያጣ ሰው ነው፤ እሳቸውም ያውቁታል። ድምፃቸው ለስለስ አለ። «እናትህስ?» አሉ።

ፈታኙ ሰዓታቸውን አዩ፤ ከዚያ እጃቸውን አወረዱ። «ደኅና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አርጅታለች።»

«ታርጅ። አሁን ጠይቀኝ።»

ፈታኙ ብዕራቸውን አነሱ። «ስምዎ ማን ነው?»

«ጂሎ» አሉ። ከዚያ የአባታቸውን፣ የአያታቸውን፣ የቅድመ አያታቸውን፣ የጎሳቸውን ስም አስከተሉ። ብዕሩ መጀመሪያው ላይ ቆመ።

«ቦታው አንድ ነው» አሉ ፈታኙ። «ጂሎ ይበቃል።»

ሐጂ አስተረጎሙ። «ከእሷ ጋር የሚሄደው እሱ ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«እሱ ነው።»

«ይበቃል ካልክ ይብቃ። አስተካክለህ ጻፈው።»

ሲጻፍ ቆመው አዩ። ማንበብ አያውቁም፤ ብዕሩ ከወረቀቱ እስኪነሳ ድረስ ግን ዓይናቸውን አልነቀሉም። ከዚያ ዞረው ወደ ጥላው ተመለሱና፣ ማንንም ሳያዩ፣ «መኪናው መቼ ነው?» አሉ።

ሐጂ አደምም እኔም አናውቅም ነበር።

«ሐሙስ» አለች ጡሜ ከውስጥ።

ሐሙስ ዘነበ፤ መኪናው አልወጣም። የወጣው ቅዳሜ ነው። ሁለቱንም ቀን አባ ቦሩ ሳጥኗን በትከሻቸው ተሸክመው መጡ።